ይድረስ ለአዘጋጁ፦ ዴስኩ ዞረ፣ ትምህርቱ ግን አልዞረም

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ሒሳብ ትምህርት በተጻፈ ቁጥር «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል አይጠፋም። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቃሉን በሥልጠና ላይ፣ በዕቅድ ቅጽ ላይ፣ በግምገማ ስብሰባ ላይ ስሰማው ዓመታት አልፈዋል። ከሐሳቡ ጋር ጠብ የለኝም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝ ሐሳቡን ወደ ዴስክ አቀማመጥ ማውረዳችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍል የሚታዘብ ሰው ይመጣል። ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በእጁ ቅጽ ይዟል። ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ከተቀመጡ ምልክት ያደርጋል። ግድግዳው ላይ ቻርት ካለ ሌላ ምልክት። መምህሩ ብዙ ካወራ ነጥብ ይቀንሳል። ከዚያ አመስግኖ ይወጣል። የአንድም ልጅ ደብተር ላይ ምን እንደተጻፈ ጎንበስ ብሎ አያይም።

ቢያይ ኖሮ ምን እንደሚያገኝ አውቃለሁ። ከቡድኑ አንዷ ጎበዝ ትሠራለች። ሁለቱ ይገለብጣሉ። አንዱ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ሌላው የቡድኑን ስም ዝርዝር ይጽፋል፤ ለነገሩ የስም ዝርዝሩን አሳምሮ ነው የሚጽፈው። ይሄ በእኔም ክፍል ለዓመታት ሲሆን ኖሯል። አልክድም።

እኔን ያነቃኝ አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። ክፍልፋይ መደመር እያስተማርኩ ነበር። 1/2 + 1/3 ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «2/5» አለ። ክፍልፋይ ያስተማረ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል። ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት መደመር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይደለም፣ እሺ ሌላ ሰው» ብዬ አልፈው ነበር። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ በመጀመሪያው ኩዊዝ ከ2 ጥያቄ 1 አገኘሁ። በሁለተኛው ከ3 ጥያቄ 1 አገኘሁ። ሲደመር ከ5 ጥያቄ 2 አገኘሁ ማለት ነው።»

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጁ እውነቱን ነው። ከ5 ጥያቄ 2 ነው ያገኘው። ማርክ ስደምርም የምደምረው ልክ እንደዚያ ነው!

ክፍሉን «እስቲ፣ በዚህ ትስማማላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። እኔም እንደምንም ዝም አልኩ። ቆይታ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል» አለች። «ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይመጣል?» ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ ረጅም አራት ማዕዘን ሣለ። ግማሹን አጠቆረ። ቀጥሎ ሲሶውን አጠቆረ። ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ተረፈች። ያቺ ቁራጭ ስንት ጊዜ ብትደጋገም ሙሉውን እንደምትሞላ ሲለኩ 6 ጊዜ ሆነ። የተረፈው 1/6 ከሆነ የጠቆረው 5/6 ነው። መልሱ ከሥዕሉ ወጣ።

የልጁ ነገር ግን ገና አልተፈታም። የማርኩ ስሌት ለምን ትክክል ሆነ? እዚህ ላይ ማንም የሚመልስ ጠፋ። እኔም «ራሳችሁ ድረሱበት» ብዬ አልተውኳቸውም። አስረዳኋቸው። ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ እንደ ድሮ አስተማሪ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ገለጻ አደረግሁ። በማርኩ ላይ ግማሹ የ2 ጥያቄ ግማሽ ነው፤ ሲሶው ደግሞ የ3 ጥያቄ ሲሶ ነው። ሙሉው ራሱ ይለያያል። ሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም የአንድ አራት ማዕዘን ክፋዮች ናቸው። ይህንኑ ነገር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ገለጻዬን የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ለእኔ ተማሪ ተኮር ማለት ይሄ ነው። ትምህርቱ ልጁ ከሚያስበው ነገር ይነሳል። ከዚያ በኋላ ዴስኩ በፈለገው በኩል ይዙር።

ልጆች የሚሳሳቱት ዝም ብለው አይደለም። የራሳቸው ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ አገር አቀፍ ምዘና የ13 ዓመት ልጆች 12/13 + 7/8 በግምት ስንት እንደሚሆን ተጠየቁ። ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ሁለቱም ክፍልፋዮች 1 ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ስለዚህ ድምሩ ወደ 2 ይጠጋል። 2ን የመረጡት 24 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት 19 ወይም 21 አሉ። 19 የላዕሎቹ ድምር ነው፣ 21 የታህቶቹ። እነዚህ ልጆች መደመር አያውቁም አይባልም። 12/13 የተባለው ነገር አንድ ቁጥር መሆኑ ነው ያልታያቸው።

ሌላም አለ። 8 + 4 = □ + 5። እዚያው አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ አንድ ጥናት፣ ይህ ጥያቄ ለ145 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ቀርቦ ነበር። ሁሉም በሳጥኑ ውስጥ መግባት ያለበት 12 ወይም 17 ነው አሉ። ትክክለኛውን መልስ፣ 7ን፣ ያለ አንድ እንኳ አልነበረም። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የኛ የአስተማሪዎቹ እንደሆነ ገባኝ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ 8 + 4 = ብለን እንጽፍና መልሱን በቀኝ በኩል እንጠብቃለን። ልጁም የእኩል ይሆናል ምልክቱን (=) «አሁን መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይይዘዋል። በዚህ ግንዛቤ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ጉድ ይፈላል። መፍትሔው ወጪ የለውም። አንዳንዴ 12 = 8 + 4 ብሎ መጻፍ ነው። አንዳንዴ 8 + 4 = 7 + 5 ጽፎ «እውነት ነው ሐሰት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚነሳውን ክርክር ብታዩት ትገረማላችሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ «ክፍላችን በተማሪ ታጭቋል፣ የስንቱን ሐሳብ እንሰማለን?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። የሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ መስማት አይቻልም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ እሰጣለሁ። በቁራጭ ወረቀት ሠርተው ሲወጡ ያስረክቡኛል። ማርክ የለውም። አንድ ቀን 52 − 27 ሰጠሁ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ በየመልሳቸው ስከምር ሦስት ክምር ሆኑ። 25 ያሉ፣ 35 ያሉ፣ 79 ያሉ። 79 ያሉት ምልክቱን ሳያዩ ደምረውታል፤ ቀላል ነው። ሥራ ያለው 35ቱ ጋ ነው። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ስላልቻሉ ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ቀንሰዋል። በማግስቱ ገብቼ መበደርን ከሥር ከመሠረቱ አልደገምኩም። «35 ላይ 27 ስንመልስ 52 ይሆናል?» ብቻ ነው ያልኩት። ደመሩት፣ 62 መጣ። ገና እኔ ሳልናገር ደብተራቸውን መሰረዝ ጀመሩ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ዝም ማለት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች የተቀዳ ድምፅ አዳምጠው ነበር። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ መልስ አጥቶ የሚቀረውም ቀነሰ። 3 ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። ሁሉም ዓይን እናንተ ላይ ነው። በልቤ እስከ 5 እየቆጠርኩ ነው የለመድኩት፤ መጀመሪያ አካባቢ 2 ላይ ስደርስ አፌ ራሱ ይከፈት ነበር። አሁን ጥያቄ ስጠይቅ መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ደብተሩ ላይ ይሞክራል። ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል። ለክፍሉ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። የአምስት ሰው ቡድን ብዙም አልጠቀምም። ሁለት ሲሆኑ መደበቂያ የለም።

ሌላ ጽንፍ የያዙም አሉ። ተማሪ ተኮር ማለት መምህሩ ምንም አለመናገር የሚመስላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህን አካሄድ አጥብቀው ተችተውታል። ለትምህርቱ አዲስ የሆነ ልጅ ያለ በቂ መሪ ሲለቀቅ አእምሮው በአንዴ ከሚችለው በላይ ይጫንበታል ነው የሚሉት። እስማማለሁ። ለጀማሪ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነውር የለውም። የማባዛት ሰንጠረዥን በቃል መያዝም ኋላ ቀርነት አይደለም። 7 × 8ን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ቆጥሮ ሲጨርስ ጥያቄው ራሱ ምን እንደነበር ይጠፋበታል። ቃሉን ፈርተን ሽምደዳን በሙሉ ስንጥል ያንን ልጅ ነው የጎዳነው።

በናንተ በኩል ለሚመለከታቸው እንዲደርስልኝ የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ያ የክፍል ምልከታ ቅጽ ይቀየር። ስለ ዴስክ አቀማመጥ የሚጠይቀውን ረድፍ አውጡትና በቦታው ሁለት መስመር አስገቡ። «ዛሬ የትኛው የተሳሳተ መልስ ክፍል ውስጥ ተነሳ? መምህሩስ ምን አደረገበት?» የሚሉ። ታዛቢው እነዚህን ለመሙላት የግድ ከወንበሩ ተነስቶ በደብተሮቹ መሐል መሄድ አለበት። መጽሐፉን በጊዜው ጨርሱ የሚለው ግፊትም ትንሽ ይላላልን። ያን ቀን በአንዲት 2/5 ምክንያት ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ለዚያም ተጠይቄበታለሁ።

ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። ያ ሁሉ ገለጻ አልቆ፣ ደወል ተደውሎ ስወጣ በር ላይ ደረሰብኝ። «ቲቸር፣ ታዲያ የኔን ማርክ ለምን 5/6 አያደርጉልኝም?» አለኝ። ሲቀልድ ይሁን የምሩን እስካሁን አልለየሁም። በማግስቱ ትምህርቱን የጀመርነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሒሳብ አስተማሪ