ቅዳሜ ሱባ ነን፣ ጎማችሁን እዩት

ሰላም ብስክሌተኞች! የዚህ ቅዳሜ ጉዞ ወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ መናገሻ ሱባ ደን ነው። የሰበታን አስፋልት አንነዳም፤ በሲኖትራክ መሃል መሹለክ በቅቶናል፣ ብስክሌቶቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ደኑ ድረስ እንሄዳለን። መነሻ ጠዋት 12 ሰዓት። "መንገድ ላይ ነኝ" የሚል ሰው አንጠብቅም።

ከዚያ ወዲያ ኮረኮንች ነው። መኪና ብርቅ ነው፣ የሚሰማው ጎማው ጠጠር ላይ ኩርሽም ኩርሽም ሲል፣ አንዳንዴም ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ነው። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል፤ አንዳንዶቹ ግንዶች ስር ስትቆሙ ታምኑታላችሁ።

የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ግን ግርጌ ግርጌውን ነን። ቢሆንም ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጎማችሁን ትንሽ አስተንፍሱት፣ ድርቅ ብሎ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ብቻ አትያዙ (ባለፈው ክርኔ የተላጠው እንደዚያ ነው)። መለዋወጫ ከለማዳሪያ (የውስጥ ጎማ)፣ መንፊያ፣ 2 ሊትር ውሃ ያዙ። ሄልሜት የሌለው አይሱዙው ላይ አይወጣም።

ድኩላ ካያችሁ ቁሙ፣ አታባርሩ። ዳቦ የሚያመጣ ይጻፍልኝ።