እማዬ፣ ኩራት አልነበረም

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

አክስቴ ቅር እንዳላቸው በስልክ ከነገርሽኝ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ልጠይቃችሁ በመጣሁ ጊዜ ከደብረ ብርሃን ድረስ ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተው፣ እኔን አቦሉ ሳይቀዳ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። «አሜሪካ ገብታ ኮራች» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ግን ኩራት አልነበረም። እባክሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው።

ፈረንጆቹ እንዲህ የሆነን መንገደኛ «ጄት ላግድ» ይሉታል። ጄት ያው አውሮፕላኑ ነው፤ ላግ ደግሞ ወደ ኋላ መቅረት። ሰውየው ደርሷል፤ ሰውነቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በመርከብ ዘመን ይህ ቃል አላስፈለገም። መርከብ ቀስ እያለ ስለሚሄድ ሰውነትም እግረ መንገዱን ይለምዳል። በ1958 እ.ኤ.አ. የመንገደኞች ጄት አትላንቲክን በመደበኛ በረራ መሻገር ጀመረ። የእኛም አየር መንገድ በ1962 ቦይንግ 720 አስገባ። የጉዞ ጸሐፊው ሆራስ ሰተን በ1966 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ላይ ስለ ጄት ላግ ሲጽፍ፣ ከጠጡ ማግስት ከሚሰማ ድካም ጋር አመሳስሎታል።

አየሽ እማ፣ አንጎላችን ውስጥ የእንቅልፍና የረሃብ ጊዜያችንን የምትመራ ሰዓት አለች። የምትስተካከለው በዋናነት በብርሃን ነው። አክስቴ የመጡት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን ያን ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ደግሞ ያን ሌሊት ትዝ ይልሻል? 8 ሰዓት ላይ ኩሽና ቁጭ ብዬ ቀዝቃዛ ሽሮ በእንጀራ ስበላ አግኝተሽኝ፣ «ምን ሆነሻል ልጄ?» ብለሽ ደነገጥሽ። እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነበር፤ የራት ሰዓቴ።

ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ ይብሳል። የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ቀን ሲረዝምበት ይችለዋል፤ ሲያጥርበት ነው የሚቸገረው። ወደዚህ ስመለስማ ቶሎ ነው የለመድኩት።

ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል ይላሉ። ያኔ 7 ሰዓት የነበረው ልዩነት ለገና ስመጣ 8 ሰዓት ነው፤ እዚህ በብርዱ ወራት ሰዓቱን በአንድ ወደ ኋላ ይመልሱታል። እባክሽ ዘመድ ወዳጁን ከሳምንት በኋላ ጥሪልኝ። እስከዚያ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አውጪኝ፤ ልተኛ ብልሽም እሺ አትበዪኝ።

አክስቴን ግን እስከ ገና አላቆያቸውም። ስልካቸውን ላኪልኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውልላቸዋለሁ።

ልጅሽ