እሙዬ፣ ደብተርሽን አትተዪው

እሙዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ባለፈው ስንደዋወል «የቀን ማስታወሻዬን ተውኩት፣ ምን የሚጻፍ ነገር አለና?» አልሽኝ። ዝም ያልኩት ሂሳቤ እያለቀ ስለነበር ነው። መልሱን በደብዳቤ ተቀበይኝ።

ዡል ረናር የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ነበር። በፈረንጆቹ 1894 «ፖዋል ደ ካሮት» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ፀጉሩ እንደ ካሮት ስለቀላና እናቱ ስለምታሠቃየው ልጅ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ የልጁ ቅጽል ስም ነው፤ ልጁም ያው እሱ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ማስታወሻው ነው። ከ1887 ጀምሮ 23 ዓመት ጽፎታል፤ መታተም የጀመረው ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ ነው።

ምን አለው መሰለሽ? አብዛኛው ተራ ነገር ነው። ዛፍ፣ የመንደር ሰው፣ ጓደኛው ሲሳካለት የተሰማው ቅናት። ደግ ሰው ለመምሰል አይሞክርም። ሰው ሲሞትበት እንኳ።

በ1900 ወንድሙ ሞሪስ ፓሪስ ውስጥ፣ ቢሮው እንዳለ ድንገት ሞተ። ረናር ሲደርስ አስተኝተውታል። ትራስ ስላልነበረ ከራሱ ስር የስልክ ማውጫ አድርገውለታል። ማውጫው ላይ ማስታወቂያ ታትሟል። ረናር ወንድሙ እፊቱ ተጋድሞ፣ ያንን ማስታወቂያ ለማንበብ ይሞክር ጀመር። ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ጻፈው።

አያትሽ የሞቱ ዕለት እኔ የድንኳኑን ቋጠሮ እቆጥር ነበር። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ያንን ገጽ ሳነብ ከመቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ገበናዬን ያወቀብኝ መሰለኝ።

የረናር ሚስት ማሪኔት ማስታወሻው ከመታተሙ በፊት ቆርጣ ያወጣችው ክፍል አለ። መጀመሪያ ተናድጄባት ነበር። አሁን ግን አዝንላታለሁ፤ ሁሉን ከሚጽፍ ባል ጋር መኖር ቀላል አይደለም። እናትሽ ይህን ስነግራት «ምነው አንተም ልትጀምር ነው?» አለች።

የረናር የመጨረሻ ማስታወሻ የኤፕሪል 6 ቀን 1910 ነው። ታሟል። ሌሊት ልነሳ ቢል ሰውነቱ ከበደው። አንድ እግሩ ከአልጋው ተንጠልጥሎ ሽንቱ ወረደበት። ተረከዙ ላይ እስኪደርስ ለመነሳት አልቆረጠም። አንሶላው ውስጥ ይደርቃል፣ ፖዋል ደ ካሮት ሳለሁ እንደነበረው፣ ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ ወር በ46 ዓመቱ ሞተ።

የድሮ ደብተርሽን ከቁም ሳጥኑ ስር አገኘሁት። አልገለጥኩትም። እሺ፣ አንድ ገጽ። በማንኮራፋቴ የተማረርሽበትን። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

አባትሽ