ዝሆኗ እዚያው ናት

ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ትንሿ ልጅህስ? መቼም አሁን ትንሽ ብዬ ብጠራት የምትቆጣበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች።

ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት አትጠይቀኝ። አንዴ «ሥራ በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት» ብዬ ጀመርኩና ራሴን ታዘብኩት። አራት ዓመት ሙሉ የሚበዛ ሥራ የት አለ? ቢኖርም እኔ ጋ አይደለም፤ ታውቀኛለህ። እውነቱን ልንገርህ። ጌም ስጫወት ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። አራቱን ዓመት ምን ስሠራ እንደከረምኩ የሚመሰክርልኝ ጆይስቲኬ ብቻ ነው። እሱም የግራ መዘወሪያው አልቆ ሁለቴ ተቀይሯል።

መጀመሪያ የበላኝ ስታርዲው ቫሊ ነው። «የጡረተኛ ጌም» እያልክ የምትስቅበት። ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው አራት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻውን ተቀምጦ ነው የሠራው። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ኮዱም የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። አያትህ ያወረሱህ የተዳፈነ እርሻ አለ። ትቆፍራለህ፣ ትዘራለህ፣ ታጠጣለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ። በቃ ይኸው ነው። እኔም እንቅልፍ እስኪመጣ ብዬ ገባሁበት።

የጌሙ አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ቢሆን ነው። 14 ደቂቃ ምን አላት? ተንኮሉ ወዲህ ነው። እኔ በምጫወትበት ላይ ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው ሰውዬህ አልጋው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። መሀል ላይ ካቋረጥክ የቀኑን ድካም ውሃ በላው። ስለዚህ እስኪመሽ ትጠብቃለህ። ታስተኛዋለህ። ሴቭ ያደርጋል። አድርጎ ሲጨርስ ደግሞ ነግቷል! ዝናብ ነው፣ ማጠጣት አይጠበቅብህም፣ የዘራኸው ብቅ ብቅ ብሏል። እንዲህ ሆኖ ማን ያጠፋዋል? መውጫው በርና መግቢያው በር አንድ ነው። ሰውዬው ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ካልተኛ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንድ ሌሊት እሱ ሲወድቅ ቀና ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት። እሱስ ወደቀ፣ እኔ ቀረሁ።

ሰው ይህን ሱስ ይለዋል። ይበል። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ምን እንዳቆየኝ አውቃለሁ። የመንደሩ ሰው ስንት ልብ እንደሰጠህ በቁጥር ይታያል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ስጦታ ትሰጠዋለህ፣ ልቡ ይሞላል። ችላ ካልከው ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ግን የጎደለውን ታየዋለህ። ሄደህ አንድ አበባ ትሰጠዋለህ፣ ዕርቅ ወረደ። ከሰው ጋር እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም፣ አበባዬን ይዤ እመጣ ነበር።

ከእርሻው ያወጣኝ ኤልደን ሪንግ የሚባል የውጊያ ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ሁሉም ሰው ስለሱ ብቻ ያወራ ነበር፤ እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ደረስኩ። ማሌኒያ የምትባል ቦስ፣ ማለትም ካልጣልካት የማታሳልፍህ ኃይለኛ ባላንጣ፣ አለች። ሰይፏ ባገኘህ ቁጥር የራሷ ቁስል ይሽራል። አስበው፤ አንተን እየመታች ትድናለች። ስንት ቀን እንደገደለችኝ መቁጠር ካቆምኩ በኋላ ነው የዚያን ሰውዬ ወሬ የሰማሁት። ስሙን «ብቻዬን ልግጠማት» ብሎ የሰየመ አንድ ተጫዋች። በወገቡ ላይ ከአንዲት ጨርቅ በቀር ልብስ የለውም፤ ራሱ ላይ ማሰሮ ደፍቷል። ማሌኒያ ያቃተቻቸው ሰዎች ይጠሩታል፣ ይመጣል፣ እነሱን ዳር አስቁሞ ብቻውን ይገጥማታል። ከሺህ ጊዜ በላይ ገጥሞ ጣላት። የጌሙ አሳታሚ ድርጅት የምር ሰይፍ ላከለት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ እሱን አላገኘሁትም። ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ስሙን እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። መሬት ላይ የጻፈውን ወርቃማ ምልክት ነካሁ፣ ከመሬት ተነሣ፣ እጅ ነሣኝ፣ አብረን ገባን። በሦስተኛው ሙከራ ወደቀች። ቦሷ ስትሞት ረዳትህ ወዲያው ይጠፋል፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። አመሰግናለሁ የምትልበት ጊዜ የለም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ የጮህኩትን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶታል። የሚያጨበጭብልኝ ግን አልነበረም። ያኔ ነው ትዝ ያልከኝ። አንተ ብትኖር «በሰው ጉልበት!» ትለኝ ነበር።

ይህን የመረዳዳት ነገር ሂደታካ ሚያዛኪ ከየት እንዳመጣው ታውቃለህ? የኤልደን ሪንግ ዳይሬክተር ነው፤ ነገሩን የጀመረው ግን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ዲመንስ ሶልስ በሚባል ጌም ነው። አንድ ጊዜ ራሱ ተናግሮታል። በረዶ በጣለበት ቀን ዳገት ላይ መኪኖች ይንሸራተታሉ። እሱም መሀላቸው ነው። ከፊቱ ያለው ቆመ፣ ከኋላ ያለው ተንሸራቶ ገፋው፣ በዚያው የኋለኛው የፊተኛውን እየገፋ ዳገቱን መውጣት ተቻለ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ወርዶ ሊያመሰግን ፈለገ። ግን ከቆመ ተመልሶ መያዙ ነው። ስለዚህ ነዳው፣ ሄደ። በኋላ ግን አእምሮው ውስጥ የቀረው የመጨረሻው መኪና ነው። እሱን ማን ገፋለት? ቤቱስ ገባ?

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ቦስ መግጠም አስጠላኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልረሳ። ቴትሪስ! እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ላይ ሲሠራው ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ነበር የሚጽፋቸው። ያንተ ጌም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን፣ የኒንቴንዶውን፣ ማንም ሰው ከ29ኛው ሌቨል ብዙ አያልፍም ይባል ነበር፤ ጡቦቹ ከጣት ይፈጥናሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት ልጅ 38 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ 157ኛው ሌቨል ላይ ጌሙን ራሱን አደረቀው። ስክሪኑ ቀጥ! ሰው ጨረሰው ማለት ነው፤ መጨረሻ ያልተሠራለትን ጌም። እንዴት እንዳደረገው ነው የሚገርምህ። አንዱ እጅ አዝራሩ ላይ በስሱ ያርፋል፤ የሌላኛው እጅ ጣቶች የጆይስቲኩን ጀርባ በተራ በተራ ያንኳኳሉ። አንተስ ምን ነበር የምታደርገው? ከሥር ስትደበድበው «ልትሰብረው ነው!» እያልኩ ስንቴ ጮህኩብህ። ልክ ነበርክ። ይቅርታ።

እንግዲህ ቴትሪስን ስፈልግ ነው ነገሩ የመጣው። የድሮ ጌም ናፈቀኝ። ግን የድሮ ጌም እንደ ድሮ ዘፈን በቀላሉ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የጌም ታሪክ ጥበቃ ተቋም ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ የሉም። ስለዚህ አዲሱን ስገዛ ካርቶን ውስጥ የከተትኩትን ኮንሶል አወጣሁ። አቧራውን ጠረግኩ፣ ሰካሁት፣ በራ። ቴትሪስ አልነበረም። ከላይ ተደርድሮ ያገኘሁት ኢት ቴክስ ቱ ነው። ከነሴቩ።

ታስታውሰዋለህ አይደል? ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ጌም። አንድ ሰው ልጫወት ቢል አይከፍትለትም፤ ሁለተኛውን ይጠይቅሃል። ባልና ሚስቱ ኮዲና ሜይ አሻንጉሊት ይሆናሉ። እኔ ሜይ፣ አንተ ኮዲ። አንተ ምስማር ትወረውራለህ፣ እኔ በመዶሻ እንጠለጠልበታለሁ። አንተ ሙጫ ትረጫለህ፣ እኔ በክብሪት አቃጥላለሁ። እኔ ቀድሜ እለኩስና አብሬህ እፈነዳለሁ፣ አንተ ደግሞ ትሳደባለህ። ከሰባቱ ምዕራፎች ሦስተኛው ላይ፣ የልጅቷ መኝታ ቤት መጨረሻ ላይ፣ ቆመናል።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ፣ ትስቃለህ። ሁለት ጆይስቲክ አበራሁ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ሜይን ሳራምዳት ኮዲ ገደል ይገባል። ኮዲን ሳስዘልል ሜይ ግድግዳ ትገፋለች። በአፍንጫዬ ሁሉ አዝራር ተጭኛለሁ። እንዲያም ሆኖ ያቺ ዝሆን ጋ ደረስኩ። ኪዩቲ ጋ።

ያኔ የሆነውን አልረሳሁትም። አንተም አትረሳውም። ኮዲና ሜይ እንደገና ሰው ለመሆን የልጃቸው እንባ ያስፈልገናል ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ልጅቷን ለማስለቀስ በጣም የምትወዳትን የጨርቅ ዝሆን ሊያጠፏት ይነሣሉ። ዝሆኗ ትሸሻለች። «ጓደኛ እንሁን» እያለች ትለምናለች። ጆሮዋ ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ እየጎተትክ ወደ ገደሉ አፍ ትወስዳታለህ። ካልጎተትካት ጌሙ አይቀጥልም።

አንተ እጅህን አነሣህ። «እኔ አልጎትታትም» አልክ።

እኔ ምን አልኩ? «አንተ ደግሞ! ጨርቅ እኮ ናት። ጎትት በቃ!» ሳቅኩም። ዝም ብለህ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ። ቀስ ብለህ። «ነገ እንቀጥላለን» አልክና ወጣህ። ነገ አልመጣም።

በዚያ ሳምንት ከቤትህ እንደወጣህ የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው። ትንሿ ከእናቷ ጋ እንደቀረች። ኮዲና ሜይ የሚጣሉት ለመፋታት እንደሆነ፣ ልጃቸውም እንደተነገራት፣ ያንን ሁሉ ሰዓት ከጎኔ ተቀምጠህ አይተሃል። ለእኔ ግን አሻንጉሊት ነበሩ። ሁለት ሰው ልጁን ሊያስለቅስ ሲሯሯጥ «ጎትት በቃ» አልኩህ።

ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል አንድ ወር ሆነ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ደግሞ የማፍረው በነገሩ ብቻ አልነበረም፣ በአንድ ወሩም ጭምር ሆነ። ከዚያ እርሻዬን ማጠጣት ጀመርኩ። አንተ ዳገቱ ላይ ነበርክ፤ እኔ ግን እንኳን ልገፋልህ ቤትህ መግባትህን እንኳ አልጠየቅኩም። የሚያዛኪ ወሬ ለምን እንደጎረበጠኝ አሁን ይገባሃል።

ይቅርታ አድርግልኝ። ከዚህ በላይ አላሳምረውም።

ሁለት ጆይስቲክ ይዤ ዝሆኗ ጋ ስደርስ መጎተት እችል ነበር። ሁለት አውራ ጣት ነው የሚያስፈልገው። አልጎተትኳትም። ጨርሰው ካዩት ሰዎች ሰምቼዋለሁ፤ ያን ሁሉ ጭካኔ ሠርተው ልጅቷ ስታለቅስ እንባዋ ምንም አያመጣም። አሻንጉሊት እንደሆኑ ይቀራሉ። (ወሬውን አበላሸሁብህ። ቢሆንም ይህን ቀድመህ ብታውቀው ይሻላል ብዬ ነው።)

አሁን ወደ ጉዳዬ። ይህን ጌም ለሁለት ለመጫወት ሁለታችንም መግዛት የለብንም። እኔ ካለኝ አንተ የጓደኛ መግቢያውን በነጻ ታወርዳለህ፣ እኔ እጋብዝሃለሁ። በየቤታችን ሆነን እንኳ ስክሪኑ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። የት እንደምትወድቅ አያለሁ፣ የት እንደምቃጠል ታያለህ። ዝሆኗን ማለፍ ካልፈለግክ አናልፋትም። እዚያው ዝሆኗ ያለችበት ቤተ መንግሥት ውስጥ እየዘለልን እናወራለን። ወይም ኢት ቴክስ ቱን የሠራው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ስፕሊት ፊክሽን አለ፤ እሱም ያለ ሁለት ሰው አይከፈትም። ከሱ እንጀምር። ወይም ከትንሿ ጋር ተጫወቱትና እኔ ዳር ሆኜ ልሳቅባችሁ። ወይም ምንም አንጫወትም፣ ደውልልኝና ስደበኝ። እሱም ይመቸኛል።

ቅዳሜ ማታ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነኝ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው። ኮዲና ሜይ ዝሆኗ አጠገብ ቆመዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልነካኋቸውም። ጆይስቲኮቹን ቻርጅ አድርጌያለሁ፣ ሁለቱንም።

ያንተው፣
አብሮህ የሚፈነዳው