ጎማ ሳይፈታ «ደህና ነው» አይባልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ ውሻዬ ቡቺ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለኝ። ማርሽ ቀንሼ በሞተሩ ጉልበት በመከራ አቆምኩ። ጎማው ሲፈታ የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረቱ ብረት ይፍቅ ነበር። ከመነሳቴ በፊት ያየልኝ ጋራዥ ግን «ደህና ነው» ብሎኛል!

አራት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየን። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፤ በማለክለክ ነው የሚበርድለት። የቡቺ ምላስ ደርቆ ሳየው አለቀስኩ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት የራሱን መጠጥ ውሃ በቆርቆሮ ቀድቶ አጠጣልኝ፤ እግዜር ይስጠው።

የመንገዱ ኃላፊዎች ከዓባይ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ጥላና ውሃ ያለው ማረፊያ ይሥሩልን። ጋራዦችም ጎማ ፈትተው ይዩ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ