ለአባባ፣ ስለ አዋሽ ሜዳ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ ኮምቦልቻ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንደሚያነብልዎ ስለማውቅ፣ ቀስ ብሎ፣ መስመር ሳይዘል እንዲያነብልዎ አደራ እለዋለሁ።

ልጆቹን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወስደናቸው ተመለስን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ምድሩ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማና የአካባቢው ሰው ከቀዬው ሲነሣ ስለከረመ ባለቤቴ ብዙ አመንትቶ ነበር። ከምድር በታች የቀለጠ ዐለት መውጫ ሲፈልግ ያመጣው ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ፈንታሌ ግን እርስዎ እንደነገሩን ነው፤ 2,007 ሜትር ከፍ ብሎ በሜዳው ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ከሥሩም ጥቁሩ ድንጋይ ገና ትናንት የፈሰሰ መስሎ ተዘርግቷል። ትንሿ ልጄ እሳቱ መቼ እንደጠፋ ጠየቀችኝና ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው ብላት አላመነችኝም።

የበሰቃን ሐይቅ ግን ቢያዩት አያውቁትም። በአያቶቻችን ዘመን 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ውኃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን እስከማስነሣት ደርሷል። እርስዎ ከአሰብ ጭነት ይዘው በሚሌና በገዋኔ አድርገው ሲመጡ፣ ኤን ትሬ የጭነት መኪናዎን አቁመው ጎማ ያዩበት የነበረው ቦታ የትኛው እንደሆነ ለልጆቹ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር፤ ምናልባት ውኃው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወደ ኢላላ ሳላ ገባን። አባባ፣ ስለዚህ ሜዳ መጻፍ የሚከብደኝ ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ያን ክረምት ወንድሜን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጠው ሲሄዱ፣ እኔ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ለሴት ልጅ የመኪና መንገድ አይሆናትም» አሉኝ። ረዳቱ እንኳ አዝኖልኝ ነበር። ወንድሜ ሲመለስ ሳላውን፣ ያን ቀንደ ረጅም የዱር እንስሳ፣ በደብተሩ ላይ ሥሎ አሳየኝ፤ ከጎን ሲያዩት ሁለቱ ቀንዶች አንድ እየሆኑ ባለ አንድ ቀንድ እንደሚመስል ነገረኝ፤ እኔም ደስ ያለኝ አስመስዬ ሰማሁት። ደብተሩ በእናቴ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነው፤ አንዳችንም አንከፍተውም። እሱን ስለወሰዱት ዛሬ ቅር አይለኝም፤ ያን ጉዞ ማግኘቱ ለእርስዎም ለእኔም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አውቃለሁና። እኔን መተውዎ ግን እስከ አሁን ከልቤ አልወጣም።

የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ለልጆቹ ሲያስረዳ ሴቷ ሳላም ቀንድ እንዳላት፣ እንዲያውም የሴቷ ቀጠን ብሎ እንደሚረዝም ነገራቸው። እርስዎ ይህን ነግረውን አያውቁም ነበር። ያገኘናቸው ጥቂቶች ከግራሩ ሥር ቆመው ነበር፤ ድሮ መንገዱን እስኪዘጉ ድረስ ይሻገሩ ነበር ያሉትን ያህል አልነበሩም። ግጦሹን ከከብት ጋር ስለሚሻሙ እየሳሱ መሄዳቸውን ስካውቱ እያዘነ ነው የነገረን። ከርከሮና እንሹ አይተናል፤ አምባራይሌ በቁጥቋጦው ውስጥ ብልጭ ብሎ ጠፋብን። ወንዶቹ ልጆች ለአዞው ነው የሞቱት፤ ፏፏቴው አጠገብ ከዳር ተዘርግቶ ሲያዩት ትምህርት ቤታቸውንም ረሱ። ታላቁ የዘንድሮ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ትንሹ ጥርሱን እየቀየረ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ቁርኣን መቅራት ጀምራለች።

ታላቁ ልጅ፣ ፏፏቴው የቦርከና ውኃ ነው ብሎ ሲከራከር ዋለ። ቦርከና አዋሽን የሚቀላቀለው ከፓርኩ በታች፣ እዚያ ቆላ ወርዶ እንደሆነ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ነገርሁት፤ አሁንም አላመነም። እርስዎ ቢኖሩ በእንጨት አፈር ላይ ሥለው ያሳምኑት ነበር።

በዚያ ዋዕይ እየነዱ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ውለታዎን አልረሳም።

አሁን ወደ ዓይንዎ ልምጣ። ባለፈው ስመጣ ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ሲቀዱ አይቻለሁ፤ ማየቴንም ያውቃሉ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው ካለ ቆይቷል። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው የደፈረሰውን አውጥተው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካሉ፤ አብዛኛው ሰው በዕለቱ ወደ ቤቱ ይገባል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ስለሚሰጥ ከደሴ ርቀው መሄድ እንኳ አያስፈልግዎትም። «አላህ ያለው ነው» ይሉኛል፤ መታከምን የፈቀደውም እርሱ ነው። እኔ የምፈራው ዓይንዎ ጭራሽ ጠፍቶ፣ ያን ሁሉ አገር ያዩ ሰው፣ በዚያ ቤት የሰው እጅ እየጠበቁ መቅረትዎን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ፍርሃቴን ልጁ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አልፈልግም።

የምለምንዎት ይህን ነው። ከረመዳን በፊት መጥቼ ቦሩ ሜዳ ልውሰድዎት። ዓይንዎ ከዳነ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ በባቲና በሚሌ ወርደን በገዋኔ በኩል አዋሽ እንግባና ኢላላ ሳላን እርስዎ ያሳዩኝ፤ ጋቢናው ውስጥ እኔ ልቀመጥ። መልስዎን ለልጁ ይንገሩትና ይጻፍልኝ፤ አልሄድም ካሉም ምክንያቱን አይደብቁኝ። የደም ግፊት መድኃኒትዎ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይደውልልኝ፤ እልካለሁ።

ልጅዎ፣ ከአዲስ አበባ