ሰማይ ላይ የሚሮጠውን ጥላ ለመቅረጽ አግዙን

ወዳጆች፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። የሰማይ ፎቶ የምናነሳ ጥቂት ሰዎች ነን። ደብረ ብርሃን አካባቢ የጋራ ቴሌስኮፕ ልናቆም አስበን ብር አጠረን።

ምን ልታዩበት ነው ለምትሉን፣ ኤንጂሲ 2261ን ነው። የሀብል ተለዋዋጭ ኔቡላ ይሉታል። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ጫፉ ላይ አር ሞኖሴሮቲስ የሚባል ጨቅላ ኮከብ አለ። ኮከቡ አጠገብ ወፈር ያለ አቧራ ሲያልፍ ጥላው ደመናው ላይ ያርፋል። በሳምንታት ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ ፈክቶ የነበረው ቦታ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ደመናው ራሱ ንቅንቅ አላለም፤ የሚሮጠው ጥላው ነው። ዊልያም ኸርሸል ኔቡላውን ያየው እ.ኤ.አ. በ1783 ነበር። ኤድዊን ሀብል ፎቶዎችን አስተያይቶ መለዋወጡን የነገረን ግን በ1916 ነው።

ግዙፎቹ ቴሌስኮፖች ወረፋቸው ብዙ ስለሆነ አንድ ደመና ላይ በየሌሊቱ አያፈጡም። ይህ የአማተር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጄይ ማክኒል የተባለ አሜሪካዊ አማተር፣ ኬንታኪ ሆኖ በ7.6 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ አዲስ ኔቡላ አገኘ። አንድ ጨቅላ ኮከብ ድንገት ቦግ ብሎ ዙሪያውን አብርቶት ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ደብዝዞ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ተመልሶ ብቅ አለ።

እኛ ጋ ደግሞ ቦታውም ወቅቱም ተመቻችቷል። 2261 የሚያልፈው አናታችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። ደህና የሚታየውም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ ነው። ውርጩን ግን አትጠይቁን!

ባለ 20 ሴንቲሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አለን። የጎደለን የሰማዩን ዙረት የሚከተል ባለሞተር መቆሚያ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራና መብራት ሲጠፋ የሚያቆየን ባትሪ ነው። ኪስ የሚጎዳው መቆሚያው ነው። ግን ያለሱ አይሆንም፤ ለደቂቃዎች ክፍት በሚቆይ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ኮከብ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ጣል አድርጉ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ ንገሩን፤ ካሜራው ኪሎ አይሞላም፣ ቀረጥ ከተባለም ከፋዮቹ እኛ ነን። የተገዛውን ሁሉ ከነደረሰኙ እንለጥፋለን። ፎቶዎቹን ማንም በነጻ ይወስዳል፤ ቴሌስኮፑ ጋ መጥቶ ማየት የሚፈልግም ጋቢውን ይዞ ይምጣ። የሒሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን። ኅዳር ሳይገባ መቆሚያውን ማዘዝ አለብን።